በጥቁር የአቧራ ደመና ውስጥ አቶማዊው ሃይድሮጅን የት ገባ?

ጥያቄ፦ «ባለ 2 ሜትር ዲሽና ርካሽ የሬዲዮ መቀበያ አገጣጥሜ የሃይድሮጅን አቶሞች የሚልኩትን የሬዲዮ ሞገድ፣ የ21 ሴንቲሜትር መስመርን፣ መለካት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የጋላክሲያችን የሚልኪ ዌይ ክንዶች እንቅስቃሴ በደንብ ይታየኛል። ታውረስ በተባለው ህብረ ኮከብ አቅጣጫ ወዳለው ትልቅ ጥቁር ደመና ሳነጣጥር ግን ግራ ገባኝ። ደመናው በጋዝ የታጨቀ ነው ስለሚባል በዙሪያው ካለው ሰማይ የጠነከረ ምልክት ጠብቄ ነበር፤ ልዩነት አላገኘሁም። በትልልቅ ቴሌስኮፖች የተለኩ ስፔክትረሞችን (የምልክቱን ጥንካሬ በጋዙ ፍጥነት ከፋፍለው የሚያሳዩ ግራፎችን) ስመለከት ጭራሽ ደመናው ባለበት ፍጥነት ላይ ምልክቱ ወደ ታች ይሰረጉዳል። አቧራው ሞገዱን እየዋጠው ነው? ወይስ ደመናው ውስጥ ሃይድሮጅን የለም? ከዚህ መስመር ተነስቼ የደመናውን ክብደት ማስላትስ እችላለሁ?»

ምላሽ፦ አቧራው ሞገዱን አይውጠውም፤ ሃይድሮጅኑም አልጠፋም። በደመናው መሀል ያለው ሃይድሮጅን ከጥቂቱ በቀር ሁለት ሁለት እየሆነ ተጣምሮ ሞለኪውል ሆኗል፤ ሞለኪውሉ ደግሞ የ21 ሴንቲሜትር መስመር የለውም። በስፔክትረሙ ላይ ያዩት ስርጉድ ሳይጣመሩ የቀሩት ቀዝቃዛ አቶሞች ከኋላቸው ካለው ሞቃት ጋዝ የሚመጣውን ሞገድ ሲመጥጡ የሚፈጠር ነው። የደመናውን ክብደት በዚህ መስመር ማስላት አይቻልም። በሙከራ ብዛት ወይም በተሻለ መቀበያ የሚፈታ ችግርም አይደለም፤ መስመሩ ራሱ የደመናውን አብዛኛውን ጋዝ አያይም።

ከአቧራው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በከዋክብት መካከል ያለው አቧራ ከሲሊኬትና ከካርቦን የተሠራ ብናኝ ሲሆን የተለመደው ቅንጣት ስፋቱ ከአንድ ማይክሮሜትር አሥር እጅ አንዱን ያህል ነው። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ ከቅንጣቱ መጠን ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ይበተናል፣ ይመጠጣልም። በኦፊዩከስ አቅጣጫ 400 ብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ የሚገኘው ባርናርድ 68 የተባለው ትንሽ ደመና መሀሉ ላይ የሚታየውን ብርሃን በ30 ማግኒቲዩድ (የከዋክብት ብሩህነት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል። ይህ ማለት ከኋላው ካለ ኮከብ ከሚነሳው ብርሃን ከትሪሊዮን አንዱ ብቻ ያልፋል ማለት ነው። በፎቶ ላይ ሰማዩ የተቀደደ የሚመስለው ለዚህ ነው። የ21 ሴንቲሜትር ሞገድ ግን ከአንዱ ቅንጣት ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ይረዝማል። ለእንዲህ ያለ ሞገድ አቧራው እንደሌለ ይቆጠራል፤ በጥቁሩ ደመና መሀል አልፎ ይወጣል። የምልክቱ መድከምም ሆነ መሰርጎድ ከአቧራው መጋረጃነት ጋር ምንም አያገናኘውም።

እርስዎን ያደናገረው ነገር በዘመኑ የነበሩ ባለሙያዎችንም አደናግሯል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ቫን ደ ኸልስት መስመሩ ሊኖር እንደሚችል በ1944 በስሌት አሳየ፤ ሃሮልድ ኢወንና ኤድዋርድ ፐርሰል በ1951 በሃርቫርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኩት። በዚያው ዓመት በሆላንድና በአውስትራሊያም ተረጋገጠ። ወዲያው የተነሳው ጥያቄ የእርስዎ ነው፦ ጋዝና አቧራ አብረው የሚሄዱ ከሆነ አቧራ የበዛበት ቦታ የ21 ሴንቲሜትሩም ምልክት መጠንከር የለበትም? በ1955 ኤድዋርድ ሊሊ በታውረስና በኦራየን አካባቢ ሰፊውን ሰማይ ለክቶ፣ አዎ፣ በጥቅሉ አቧራ ባለበት አቶማዊ ጋዝም ይበዛል አለ። በዚያው ዓመት ባርት ቦክ ከሎውረንስና ከሜነን ጋር ሆኖ እጅግ የጠቆሩትን ደመናዎች ለይቶ ሲለካ ግን ጭማሪ አላገኘም። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሊሊ ያየው ሰፊውንና ስስ የሆነውን ጋዝ ነው፤ ቦክ ያየው ሃይድሮጅኑ መልኩን የቀየረበትን ጥቅጥቅ ያለ ማዕከል ነው።

ሃይድሮጅኑ ሞለኪውል ሆኗል የሚለው ግምት ቀድሞም ነበር፤ የጎደለው መንገዱ ነው። ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች በባዶ ህዋ ላይ ቢጋጩ አይጣበቁም። ለመጣበቅ ወደ 4.5 ኤሌክትሮንቮልት የሚጠጋ ጉልበት መጣል አለባቸው፤ ሞለኪውሉ በሁለት እኩል አቶሞች የተሠራ ስለሆነ ይህን ጉልበት በፍጥነት በብርሃን መልክ የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ተጋጭተው ተመልሰው ይለያያሉ። በ1963 ሮበርት ጉልድና ኤድዊን ሳልፒተር መፍትሔውን በአቧራው ቅንጣት ገጽ ላይ አገኙት። አንድ አቶም ቅንጣቱ ላይ ያርፋል፣ በቀዝቃዛው ገጽ ላይ ይንሸራሸራል፣ ሌላ አቶም ያገኛል፤ ሲጣመሩ ትርፉን ጉልበት ቅንጣቱ ይቀበላቸዋል፣ ሞለኪውሉም ተስፈንጥሮ ወደ ጋዙ ይመለሳል። ማስረጃው ብዙ አልዘገየም፦ በ1970 ጆርጅ ካሩዘርስ በሮኬት ባስወነጨፈው የአልትራቫዮሌት መሣሪያ ዛይ ፐርሲ ከተባለው ኮከብ ፊት ለፊት ባለው ጋዝ ውስጥ ሞለኪውላዊ ሃይድሮጅንን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

እንግዲህ ጥያቄዎ ላይ «አቧራው እየዋጠው ነው?» ያሉት ከአንድ ወገን ወደ እውነት የቀረበ ነው። አቧራው ሞገዱን አልዋጠም፤ ሞገዱን የሚልኩትን አቶሞች ግን ሁለት ሁለት እያደረገ ከመስመሩ አስወጥቷቸዋል።

አቧራው ሌላም ሥራ አለው። ሞለኪውላዊ ሃይድሮጅንን የሚሰብረው የሞገድ ርዝመቱ ከ91 እስከ 111 ናኖሜትር ገደማ የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ሞለኪውሉ ይህን ብርሃን ሲመጥጥ ሁልጊዜ አይሰበርም፤ ከአሥር ጊዜ አንዴ ወይም ትንሽ በለጥ ባለ መጠን ብቻ ነው የሚሰበረው። ነገር ግን ገላጣ በሆነ ህዋ ላይ ያም በቂ ነው፤ ሞለኪውሉ ከመቶ ዓመታት እስከ ሺህ ዓመታት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈርሳል። ወደ ደመናው ሲገባ ሁለት መከላከያ ያገኛል። አንደኛው አቧራው አልትራቫዮሌቱን ማስቀረቱ ነው። ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት የበለጠ የሚደንቀው፣ በዳር ያሉት ሞለኪውሎች ለመሰበር የሚያስፈልገውን ብርሃን መጥጠው ስለሚጨርሱት ከኋላቸው ላሉት አለመድረሱ ነው። ለዚህ ብዙ ጋዝ አያስፈልግም። የሚታየው ብርሃን አንድ ማግኒቲዩድ እንኳ ሳይቀንስ፣ ማለትም ደመናው ገና ለዓይን ሳይጠቁር፣ ጋዙ ከአቶማዊ ወደ ሞለኪውላዊ ይሸጋገራል። ጥቁር ሆኖ የሚታየው የደመናው ክፍል እንግዲህ ከዚህ ድንበር ወዲያ ያለው ነው።

ታዲያ ሁሉም አቶም ለምን ተጣምሮ አላለቀም? ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከስርጉዱ የምናገኘው መረጃ ሁሉ የሚቆመው በእነሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ኮስሚክ ጨረር ነው። አልትራቫዮሌት የማይደርስበት የደመና መሀል ድረስ እነዚህ ፈጣን ቅንጣቶች ዘልቀው ይገባሉ። አንድን የሃይድሮጅን ሞለኪውል የመምታት ዕድላቸው በሰከንድ ከ100 ሺህ ትሪሊዮን አንድ ያህል ነው፤ አንድ ሞለኪውል በአማካይ በሦስት ቢሊዮን ዓመት አንዴ ይመታል ማለት ነው። ኢምንት ይመስላል፤ ሞለኪውሉ ግን እጅግ ብዙ ነው። የተመታው ሞለኪውል ኤሌክትሮኑን ያጣና ከጎረቤቱ ጋር ተጋጭቶ ሦስት ፕሮቶን ያለው አዮን ይሆናል፤ በዚህ መሀል አንድ ነጠላ አቶም ይለቀቃል። ቆይቶም አዮኑ ኤሌክትሮን ሲያገኝ ተጨማሪ አቶሞች ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ውጤቱ ያልተጠበቀ ነው። አቶሞች የሚፈጠሩበት ፍጥነት በሞለኪውሎቹ ብዛት ይወሰናል። አቶሞች የሚጠፉበት ፍጥነት ደግሞ በአቶሞቹ ብዛትና በአቧራ ቅንጣቶቹ ብዛት ይወሰናል፤ የቅንጣቶቹ ብዛት በበኩሉ ከጋዙ ብዛት ጋር እኩል ይጨምራል። ሁለቱን ፍጥነቶች ሲያመዛዝኑ የጋዙ ብዛት ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። የሚቀረው በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚኖረው የነጠላ አቶም ቁጥር ነው፤ እሱም ደመናው ቢሳሳም ቢጠቀጠቅም ብዙ ሳይለወጥ አንድ ገደማ ይሆናል። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አንድ ሺህ ሞለኪውል ባለበት ደመና አንድ አቶም ይኖራል፤ መቶ ሺህ ሞለኪውል ባለበት ማዕከልም እንዲሁ አንድ አቶም ብቻ ይኖራል። ከዚህ የሚከተለው ለጥያቄዎ ቁልፍ ነው፦ ደመናው ሲጠቀጠቅ አቶማዊው ሃይድሮጅን አብሮ አይጨምርም። መስመሩን ክብደት ለመለካት ማዋል የማይቻለው ምልክቱ ስለደከመ አይደለም፤ ምልክቱ ክብደቱን ስለማይከተል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። አቶሞቹ ተጣምረው እስኪያልቁ የሚወስደው ጊዜ በግምት አንድ ቢሊዮን ዓመት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ባለው የአቶም ብዛት ሲካፈል ነው። ብዛቱ አንድ ሺህ ከሆነ አንድ ሚሊዮን ዓመት ይወስዳል፤ ሠላሳ ከሆነ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት በላይ። ደመናው ገና ወጣት ከሆነ ከሚዛኑ የበለጠ አቶም ይገኝበታል። ዲ ሊ እና ፖል ጎልድስሚዝ በ2003 እና በ2005 ባወጧቸው ጥናቶች በአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ጥቁር ደመናዎችን ለክተው በብዙዎቹ ላይ ስርጉዱን አገኙ፤ በደመናዎቹ መሀል ያለው የአቶም ብዛትም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከ2 እስከ 6 ገደማ ሆነ። ከአንድ በለጥ ይላል፤ ከጠቅላላው ሃይድሮጅን አንጻር ግን አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ከዚህ ተነስተው ደመናዎቹ ከ3 እስከ 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው አሉ። ስርጉዱ እንደ ሰዓት ያገለግላል ማለት ነው። ይህን ዕድሜ ግን እንደ መጨረሻ ፍርድ አይውሰዱት፤ በስሌቱ ውስጥ የገቡት የኮስሚክ ጨረሩ መጠንና አቶሞች በቅንጣት ላይ የሚጣመሩበት ፍጥነት እያንዳንዳቸው በብዙ እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ።

አሁን ወደ መስመሩ ልመለስ፤ አቶም ካለ ለምን ስርጉድ እንጂ ጉብታ አይሆንም? በሃይድሮጅን አቶም ውስጥ የኤሌክትሮኑና የፕሮቶኑ ስፒን (እንደ ሽክርክሪት ያለ ባሕርያቸው) ወደ አንድ ወገን ሲሆን አቶሙ ከፍ ባለ የጉልበት እርከን ላይ ነው፤ ተቃራኒ ሲሆን ዝቅ ባለው ላይ ነው። ልዩነቱ 1420.406 ሜጋኸርዝ የሆነውን ሞገድ ይሰጣል። አንድ አቶም ለብቻው ቢተው ከላይኛው እርከን እስኪወርድ በአማካይ 11 ሚሊዮን ዓመት ይወስድበታል። ከዚያ በፊት ግን ከሌሎች ቅንጣቶች ጋር እየተጋጨ ብዙ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ ስለዚህ በሁለቱ እርከኖች ላይ ያለው ድርሻ የጋዙን ሙቀት ይከተላል። በጥቁር ደመና መሀል ያ ሙቀት 10 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ) ገደማ ነው። ከኋላው በጋላክሲው ውስጥ የተዘረጋው አቶማዊ ጋዝ በዚያው ፍጥነት ላይ፣ ለምሳሌ፣ 80 ኬልቪን የሚደርስ ብሩህነት ቢኖረው (የሬዲዮ ምልክት ጥንካሬም በኬልቪን ይለካል)፣ ቀዝቃዛው ጋዝ ከሚያልፍበት ሞገድ የሚመጥጠው እሱ ራሱ ከሚልከው ይበልጣል። በደመናው ያሉት አቶሞች ከኋላ የሚመጣውን ሞገድ አንድ አሥረኛ ያህል የሚያዳክም ግርዶሽ ቢኖራቸው ምልክቱ በ7 ኬልቪን ገደማ ይወርዳል። የኋላው ብሩህነት 10 ኬልቪን ቢሆን ኖሮ ግን ያው ደመና፣ ከነያው አቶሙ፣ በስፔክትረሙ ላይ ምንም ምልክት አይተውም ነበር።

ስርጉዱ ጠባብ መሆኑም ከሙቀቱ ይመጣል። በ10 ኬልቪን የሃይድሮጅን አቶሞች የሙቀት እንቅስቃሴ መስመሩን በሰከንድ 0.7 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ያሰፋዋል፤ በ100 ኬልቪን ሲሆን ከ2 ኪሎሜትር ይበልጣል። በተግባርም ንውጽውጽታ ትንሽ ይጨምርበታል። ጠባብ የሆነ ስርጉድ፣ ከካርቦን ሞኖክሳይድ መስመር ጋር በፍጥነት የሚገጥም፣ ስፋቱም የሚቀራረብ ከሆነ አቶሞቹ ከሞለኪውሎቹ ጋር በአንድ ቦታ ተቀላቅለው እንዳሉ ያሳያል። ሊ እና ጎልድስሚዝ እንዲህ ያለውን ስርጉድ ከሌላው ለይተው የሰየሙት ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሌላም ዓይነት አለ። ሪገል እና ክራቸር ያጠኑትና በስማቸው የሚጠራው በጋላክሲው ማዕከል አቅጣጫ የተዘረጋ ቀዝቃዛ ደመና የ21 ሴንቲሜትር መስመርን በሰፊው ይሰረጉዳል፤ ጋዙ ግን በብዛት አቶማዊ ነው፤ ሙቀቱም 40 ኬልቪን ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ስርጉድ ማየት ብቻውን ሞለኪውላዊ ደመና አገኘሁ አያሰኝም።

እርስዎ ልዩነት ያላዩበት ምክንያት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ ነው፤ መሣሪያዎ ነው። ባለ 2 ሜትር ዲሽ በዚህ ሞገድ የሚያየው የሰማይ ክብ ስፋቱ 7 ዲግሪ ገደማ ነው። የታውረስ ደመና በጠቅላላው ሰፊ ቢሆንም ስርጉዱን የሚሠሩት ጥቅጥቅ ክሮቹና እምብርቶቹ ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው፤ አሬሲቦ የሚያየው ክብ ከ4 የቅስት ደቂቃ በታች ነበር። በእርስዎ 7 ዲግሪ ውስጥ የእምብርቶቹ ስርጉድ በዙሪያው ባለው ጋዝ ልቀት ይዋጣል። በዚያ ላይ ታውረስ ያለው ከጋላክሲው ማዕከል በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። እዚያ የጋላክሲው ሽክርክሪት ጋዙን በፍጥነት አይለያየውም፤ ቅርቡም ሩቁም ጋዝ በዜሮ አካባቢ ይከማቻል። ይህ ለስርጉዱ መልካም ነው፤ ከኋላ ብሩህ ጋዝ ያስቀምጥለታል። ከደመናው ፊት ያለውን ጋዝ ከኋላው ካለው ለመለየት ግን መጥፎ ነው፤ ከፊት ያለው ጋዝ ስርጉዱን መልሶ ይሞላዋል።

ፍጥነትን የመለየት አቅምም አለ። በዚህ መስመር በሰከንድ 1 ኪሎሜትር ማለት 4.74 ኪሎኸርዝ ነው። ስርጉዱን ለማየት እያንዳንዱ ቻናል (መቀበያው ድግግሞሹን የሚከፋፍልበት ክፍል) ከ1 ኪሎኸርዝ መብለጥ የለበትም። መቀበያዎ 2.4 ሜጋኸርዝ ወስዶ በ4096 ቻናል ቢከፍለው በቻናል 0.6 ኪሎኸርዝ ገደማ ስለሚደርስ ይህኛው ችግር አይሆንም። ችግሩ የመቀበያውን ድግግሞሽ የሚጠብቀው ክሪስታል ነው። ክሪስታሉ ከሚሊዮን አንድ ብቻ ቢዛባ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.3 ኪሎሜትር ይሸሻል፤ በርካሽ መቀበያዎች እንደሚያጋጥመው ከሚሊዮን 20 ቢዛባ 6 ኪሎሜትር ይሸሻል። በሙቀት ምክንያት በልኬቱ መሀል ከተንሸራተተ ደግሞ ጠባቡ ስርጉድ ተደፍቶ ይጠፋል። የምድር ዙረትም በሰከንድ 30 ኪሎሜትር ድረስ ስለሚያዛባ በተለያየ ወር የተለኩትን ሳያርሙ አንድ ላይ አይደምሯቸው። በዚያው ህብረ ኮከብ ውስጥ ያለው ክራብ ኔቡላም በሬዲዮ እጅግ ብሩህ ነው፤ ወደ ሰፊው ክብዎ ጠርዝ ቢገባ መነሻ መስመሩን ያነሳዋል፤ ከእሱ ፊት ያለው ጋዝም የራሱን ስርጉድ ይሠራል። ያንን ከደመናው ጋር እንዳያምታቱት።

ክብደቱን በሚመለከት ብዙ ጀማሪዎች የሚሠሩት ስሌት አለ፦ በመስመሩ ሥር ያለውን ስፋት በኬልቪንና በኪሎሜትር በሰከንድ ወስደው በ1.82 × 10¹⁸ ያበዙና በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ያለውን የአቶም ቁጥር አገኘን ይላሉ። ይህ ቀመር የሚሠራው ጋዙ ሞገዱን በማያግድበት ቦታ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ጋዝ ባለበት ያንሳል፤ ስርጉድ ላይ ከተጠቀሙበት ጋዝ በጨመረ ቁጥር መልሱ ይቀንሳል። ስርጉዱን ራሱን ወደ አቶም ቁጥር መቀየርም ከባድ ነው፤ የጉድጓድን ጥልቀት ለመለካት አፉ የት እንደነበር ማወቅ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ደመናው ባይኖር ስፔክትረሙ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ይኖርብዎታል። ያ ደግሞ በቀጥታ አይለካም። በ2008 የታተመ አንድ ዘዴ የስፔክትረሙን ሁለተኛ ዲሪቬቲቭ (ግራፉ በየቦታው የሚጎብጥበትን መጠን) ይጠቀማል፤ ጠባቡ ስርጉድ እዚያ ላይ ጎልቶ ስለሚወጣ፣ ዲሪቬቲቩ ለስላሳ እስኪሆን ድረስ ስርጉዱን እየሞሉ መነሻውን ይገምታሉ። የካርቦን ሞኖክሳይዱን ፍጥነትና የጋዙን ሙቀት አስቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል፤ ያለ እነሱ ውጤቱ ግምት ብቻ ነው።

የደመናውን ክብደት ከፈለጉ ወደ አቧራው ይሂዱ። የከዋክብቱ ብርሃን ምን ያህል እንደቀነሰ ይለካል፤ በተለይ በኢንፍራሬድ፣ ከኋላ ያሉት ከዋክብት እዚያ ስለሚታዩ። በሚታይ ብርሃን ሲሰላ እያንዳንዱ ማግኒቲዩድ በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 1.9 × 10²¹ የሃይድሮጅን ኒውክሊየስ ያመለክታል፤ ይህ ቁጥር አቶማዊውንም ሞለኪውላዊውንም ይይዛል። አምስት ማግኒቲዩድ በሚቀንስ የታውረስ ክፍል ላይ ወደ 10²² ይደርሳል፤ በዚያው መስመር ላይ ስርጉዱ የሚያሳየው አቶም ግን በ10¹⁸ እና በ10¹⁹ መካከል ነው። እንቅስቃሴውን ከፈለጉ 2.6 ሚሊሜትር ላይ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ መስመር ይከተሉ፤ ሞለኪውላዊው ሃይድሮጅን ራሱ ዳይፖል (ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙላት ያላቸው ሁለት ጫፎች) ስለሌለውና ዝቅተኛው የሽክርክሪት መስመሩ ለመነሳት 500 ኬልቪን ገደማ ስለሚጠይቅ በቀዝቃዛ ደመና ውስጥ አይታይም። ሁለቱም ገደብ አላቸው። አቧራው በአንድ አቅጣጫ ያለውን ሁሉ ደመናም ሆነ ሌላ ይደምራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በእጅግ ጥቅጥቅና ቀዝቃዛ እምብርት ውስጥ በአቧራው ላይ በረዶ ሆኖ ይጣበቃል፣ ከጋዙም ይጠፋል። ሁለቱን አብሮ መጠቀም ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው። በካርቦን ሞኖክሳይድ በተሠራው የታውረስ ካርታ የደመናው ክብደት በ2008 ከፀሐይ 24 ሺህ እጥፍ ገደማ ሆኖ ተሰልቷል።

ይህን ሁሉ ስል የ21 ሴንቲሜትር መስመርን በጥቁር ደመና ላይ አይለኩ ማለቴ አይደለም። ከሞለኪውሎች በቀላሉ የማይገኝ ነገር ይሰጣል፦ የደመናውን ዕድሜና መግነጢሳዊ መስኩን። በ2022 በቻይናው ባለ 500 ሜትር ፋስት ቴሌስኮፕ በታውረስ ውስጥ በሚገኘው ኤል 1544 በተባለው ጥቅጥቅ እምብርት ላይ የስርጉዱ የዚማን ክፍፍል (መግነጢሳዊ መስክ መስመሩን የሚከፍልበት መጠን) ተለክቶ የመስኩ ጥንካሬ 3.8 ማይክሮጋውስ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ መስክ የደመናውን ጋዝ እንዳይሰበሰብ ለመያዝ አቅም የሌለው ነው፤ ስለዚህ ኮከብ የሚወለድበት ጋዝ ከመስኩ ቁጥጥር የሚወጣው እምብርቱ ከመፈጠሩ አስቀድሞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአንድ ሺህ አንድ በሆነው የጋዙ ክፍል መመለሱ መስመሩ ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ምክሬ ይህ ነው። በዲሽዎ ጥቁር ደመና ማሳደዱን ይተዉ፤ ጊዜዎን ለጋላክሲው ሽክርክሪት ልኬት ያውሉት፣ መሣሪያዎ ለዚያ በሚገባ ይመጥናል። ለጥቁር ደመና የታተሙ ነጻ መረጃዎችን ይጠቀሙ። ከእነሱም መርጠው፦ በ2016 የወጣው የኤች አይ 4 ፒ አይ ካርታ ሰማዩን በሙሉ ይሸፍናል፤ ነገር ግን ቻናሉ በሰከንድ 1.3 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ ጠባቡን ስርጉድ ያደበዝዘዋል፤ ለዚህ ሥራ አይውሰዱት። በአሬሲቦ የተሠራው የጋልፋ መረጃ ግን 4 የቅስት ደቂቃና በሰከንድ 0.18 ኪሎሜትር ይለያል፤ ታውረስም በሚሸፍነው የሰማይ ክፍል ውስጥ ነው። ባርናርድ 68 ከዚያ ክልል ውጭ ነው፤ በእሱ አይጀምሩ።

በኤል 1544 ይጀምሩ። ስፔክትረሙን አውጥተው በሰከንድ 7.2 ኪሎሜትር አካባቢ ይመልከቱ። ከ1 ኪሎሜትር በታች የጠበበ ስርጉድ ካገኙ የደመናውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ስፔክትረም ከሥሩ ያስቀምጡ፤ በተለይ ከባዱን ካርቦን የያዘውን፣ እሱ ይበልጥ ጠባብ ስለሆነ። ከዚያ ከደመናው ጠርዝ ውጭ ያለ ነጥብ ወስደው እዚያ ስርጉዱ መጥፋቱን ያረጋግጡ። የሁለቱ ፍጥነት ከግማሽ ኪሎሜትር በላይ ከተራራቀ፣ ወይም ስርጉዱ ከደመናው ውጭም ከቀጠለ፣ የሚያዩት በሁለት የጋዝ ጉብታዎች መካከል የቀረ ክፍተት ወይም ሌላ ቀዝቃዛ ጋዝ ሊሆን ስለሚችል የደመናው ነው ብለው አይመዝግቡት።